ክሬዲት ሪፖርት ላይ የባንክ ስህተት ሲገኝ፦ ዲስፒዩት እንዴት ይሠራል?

አሜሪካ ውስጥ አፓርታማ ለመከራየት፣ መኪና በብድር ለመግዛት ወይም ሞርጌጅ ለመጠየቅ ሲሄዱ፣ ማመልከቻዎን የሚቀበለው ሰው ቀድሞ የሚከፍተው የብድርና የክፍያ ታሪክዎ የተመዘገበበትን ክሬዲት ሪፖርትዎን ነው። እዚያ ላይ የማያውቁት አካውንት ወይም ከፍለው የዘጉት ካርድ «ቻርጅ ኦፍ»፣ ማለትም ያልተከፈለ ዕዳ፣ ተብሎ ተጽፎ ቢያገኙት ያስደነግጣል።

ብዙ ሰው ያኔ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ከፍዬ ልገላገል» ይላል፤ ወይ «ክሬዲት እናጸዳለን» ለሚል ሰው ገንዘብ ይሰጣል። ሁለቱም ከመደረጋቸው በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የተባለው ሕግ ስህተትን በነጻ የማሳረም መብት ይሰጣል። መብቱ ዜጋ መሆንን አይጠይቅም። አስቸጋሪው መብቱ የሚሠራበት መንገድ ነው። ኦንላይን ገብቶ «የኔ አይደለም» የሚለውን መርጦ የወጣ ሰው ከወር በኋላ «ቬሪፋይድ» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል ማለታቸው ነው። ሰውየውም ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። መልሱ ለምን እንዲህ እንደሚመጣ የገባው ሰው ግን ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ይጽፋል።

መረጃውን የሚጽፈው ማነው?

ሦስት ትልልቅ ክሬዲት ቢሮዎች አሉ፦ ኤክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን። ስማቸው ቢሮ ይባል እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አይደሉም። መረጃ ሰብስበው የሚሸጡ የግል ኩባንያዎች ናቸው። መረጃውን የሚልኩላቸው ባንኮች፣ የካርድ ድርጅቶች፣ የመኪና አበዳሪዎችና ዕዳ ሰብሳቢዎች ናቸው። ባብዛኛው በየወሩ ይልካሉ። ለሦስቱም መላክ ግዴታ ስላልሆነ የሦስቱ ሪፖርት ሊለያይ ይችላል። አንዱ ላይ የሌለ ስህተት ሌላው ላይ ይኖራል።

ስህተት ደግሞ ብርቅ አይደለም። ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከተሳታፊዎቹ ከአምስት አንዱ ቢያንስ በአንዱ ሪፖርቱ ላይ ስህተት አግኝቶ፣ ዲስፒዩት አድርጎ ተስተካክሎለታል። ዲስፒዩት ማለት «ይህ መረጃ ስህተት ነው፣ መርምራችሁ አርሙ» ብሎ በሕጉ መሠረት አቤቱታ ማቅረብ ነው።

ተራ ቼኪንግ አካውንት እንዴት እዚህ ውስጥ ይገባል?

ቼኪንግም ሆነ ሴቪንግ አካውንት በደህናው ጊዜ ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይታይም። የሚገባው ሲበላሽ ነው። አንድ ሰው ስቴት ይቀይራል፣ ወይም ጠቅልሎ አገር ቤት ይገባል፤ ትንሽ ገንዘብ ያለበትን አካውንት ሳይዘጋ ይተወዋል። ባንኩ ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያ መቁረጡን ይቀጥላል። የተረሳ የጂም ወይም የስልክ ክፍያም ይቆረጣል። ሒሳቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የኦቨርድራፍት ቅጣት ይጨመርበታል። የባንክ ተቆጣጣሪዎች መመሪያ እንዲህ ያለ ያልተመለሰ ገንዘብ ከዜሮ በታች ከወረደበት ቀን አንስቶ ቢበዛ በ60 ቀን ውስጥ ቻርጅ ኦፍ መደረግ እንዳለበት ይናገራል።

ቻርጅ ኦፍ ማለት ባንኩ በራሱ መዝገብ ላይ «ይህን ገንዘብ ከስሬዋለሁ» ብሎ ጻፈው ማለት ነው። ዕዳው ተማረ ማለት አይደለም። ክሬዲት ካርድ ሲሆን ቻርጅ ኦፍ የሚደረገው ክፍያ ከተቋረጠ ከ180 ቀን በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ መረጃው በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው ቼክስ ሲስተምስ ወይም ኧርሊ ዋርኒንግ ሰርቪስስ ወደሚባሉት ድርጅቶች ነው። እነዚህ ባንኮች አዲስ አካውንት ከመክፈታቸው በፊት የሚጠይቋቸው ናቸው። «አካውንት ልንከፍትልዎ አንችልም» ከተባሉ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ቼክስ ሲስተምስ መረጃውን 5 ዓመት ያቆየዋል። ሁለተኛው መንገድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ነው። ባንኩ ዕዳውን ይሰጠዋል ወይም ይሸጥለታል፤ እሱም ለሦስቱ ቢሮዎች «ኮሌክሽን» ብሎ ይልካል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚለየው ነገር መጥፎው መረጃ የቱ መዝገብ ላይ እንዳለ ነው። ቼክስ ሲስተምስ ላይ ያለን ስህተት ለኤክዊፋክስ በመጻፍ ማጥፋት አይቻልም። ደግነቱ ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው፤ የዲስፒዩቱ መብትም ያው ነው።

ሪፖርቴን ከየት አወጣለሁ?

አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ከሚባለው ድረ ገጽ። በሕግ የተፈቀደው የነጻ መውሰጃ እሱ ነው። ከሦስቱም ቢሮዎች በየሳምንቱ በነጻ መውሰድ ይቻላል። ብድር ወይም አካውንት ከተከለከሉ የከለከለዎት ድርጅት መረጃውን ከየት እንዳገኘ የሚገልጽ ደብዳቤ መላክ አለበት። ደብዳቤው በደረሰዎት በ60 ቀን ውስጥም መረጃውን ከሰጠው ድርጅት ሪፖርቱን በነጻ መጠየቅ ይችላሉ። ይህን ደብዳቤ አይጣሉት፤ በኋላ ማስረጃ ይሆናል።

ሪፖርቱን ሲያነቡ ስኮሩን (የክሬዲት ነጥቡን) ትተው ዝርዝሩን ይዩ። የአካውንቱ ባለቤት ማን ተብሎ ተጽፏል? ብቸኛ ባለቤት፣ የጋራ ባለቤት ወይስ በሰው ካርድ እንዲጠቀም የተፈቀደለት ሰው? ቀሪ ዕዳው ስንት ነው? ዋናው አበዳሪ ማነው? ከሁሉም በላይ፣ መጀመሪያ ክፍያ የተቋረጠበት ቀን የቱ ነው? የዚህን ቀን ጉዳይ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የትኛው ስህተት ነው የሚታረመው?

እውነት የሆነ መጥፎ መረጃ በዲስፒዩት አይጠፋም። ዘግይተው ከፍለው ከሆነ ዘግይተው ከፍለዋል። ይህን ማንም ሊያጠፋው እንደሚችል ቃል ቢገባልዎ አይመኑት።

የሚታረመው የተሳሳተ፣ የተጓደለ ወይም ሊረጋገጥ የማይችል መረጃ ነው። የተከፈለ ዕዳ እንዳልተከፈለ ይጻፋል። ባንኩ ዕዳውን ሸጦ እያለ እሱም ሰብሳቢውም ያንኑ ገንዘብ ቀሪ ዕዳ አድርገው ሁለት ጊዜ ይጽፉታል፤ የሸጠው ባንክ ቀሪ ዜሮ መሆን ነበረበት። የወንድምዎ ካርድ ላይ ተጠቃሚ ብቻ ሆነው ሳለ ባለዕዳ ተደርገው ይጻፋሉ። ጭራሽ ያልከፈቱት አካውንት ሊኖርም ይችላል። በ2016 ዌልስ ፋርጎ ሠራተኞቹ በደንበኞች ስም ያለ ፈቃዳቸው አካውንት በመክፈታቸው 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። የተጠረጠሩት አካውንቶች ያኔ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ስለዚህ «ባንክ እንዴት እንዲህ ይሳሳታል» ብሎ ራስን መጠራጠር አያስፈልግም።

የኛ ስም ለምን ይደባለቃል?

ይህ እኛን በተለይ የሚነካ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። የአሜሪካ ፎርም የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እኛ የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ሲገባ የአባቱ ስም «ላስት ኔም» ይሆናል፤ እህቱ በሌላ ጊዜ ስትመጣ የአያቷ ስም ይሆናል። በሌላ በኩል ምንም ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ሁሉም ተስፋዬ ወይም ከበደ በሚል ላስት ኔም ይመዘገባሉ። አበበ ተስፋዬ የሚባሉ ሰዎች አንድ ከተማ ውስጥ ስንት እንደሚሆኑ መገመት ነው።

አጻጻፉም ሌላ ጣጣ አለው። ፀሐይ የሚለው ስም አንዱ ሰነድ ላይ በቲ፣ ሌላው ላይ በኤስ ይጀምራል። ገብረማርያም አንዴ ተያይዞ ይጻፋል፤ አንዴ ለሁለት ተከፍሎ ገብረ መካከለኛ ስም፣ ማርያም ላስት ኔም ይሆናል። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። ሰነድ ሳይኖራቸው በስደተኝነት የገቡ ብዙ ሰዎች ጃንዋሪ 1 ተወለዱ ተብለው ተመዝግበዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ሳይቀየር ሲገባ ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ይዛነፋል።

የቢሮዎቹ ኮምፒውተር መረጃ ሲቀበል የማን እንደሆነ የሚወስነው ስምን፣ አድራሻን፣ የትውልድ ቀንንና የሶሻል ቁጥርን አንድ ላይ እያመሳከረ ነው። ሁሉም ፍጹም መግጠም የለባቸውም፤ ከተቀራረቡ ሊበቃ ይችላል። አዲስ መጥተው ከዘመድ ጋር አንድ አፓርታማ የኖሩ፣ ላስት ኔማቸው አንድ የሆነ፣ ሁለቱም ጃንዋሪ 1 ተወለዱ የተባሉ ሰዎች መረጃ አንድ ፋይል ውስጥ ቢገባ አይገርምም። ይህ «ሚክስድ ፋይል» ይባላል።

በስም ብቻ ማመሳከር ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ የታወቀ ጉዳይ አለ። በ2011 አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ከሚስቱ ጋር መኪና ሊገዛ ይሄዳል። ከትራንስዩኒየን በመጣው ሪፖርት ላይ ስሙ መንግሥት ከአሸባሪዎችና ከዕፅ ነጋዴዎች ጋር ካሰፈረው ስም ጋር ይገጥማል ተብሎ ተጽፎበታል። ኩባንያው ያመሳከረው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ብቻ ነበር። የትውልድ ቀን እንኳ አላየም። በተመሳሳይ ምልክት የተደረገባቸው ሌሎች ሰዎችም በክሱ ተካተው ከ8,000 በላይ ሆኑ፤ ጉዳዩም በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

የናንተ ጉዳይ የስም መደባለቅ ከመሰለ ዲስፒዩቱ ላይ ይህንኑ በግልጽ ጻፉት። «ፋይሌ ከሌላ ሰው ጋር ተደባልቋል» ብላችሁ፣ ሪፖርቱ ላይ ያሉትን የናንተ ያልሆኑ ስሞች፣ አድራሻዎችና የትውልድ ቀኖች አንድ በአንድ ጥቀሱ። አካውንቱን ብቻ አስወጥታችሁ የሌላውን ሰው አድራሻ ከተዋችሁት በዚያው በር ሌላ አካውንት ይገባል።

ዲስፒዩት ሳደርግ ከጀርባ ምን ይሆናል?

ቢሮው አቤቱታው በደረሰው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለባንኩ ማሳወቅ አለበት። ምርመራው በ30 ቀን ማለቅ አለበት። በመካከል ተጨማሪ ማስረጃ ከላኩ ወይም አቤቱታውን ያቀረቡት በሕግ በየዓመቱ ከሚሰጠው ነጻ ሪፖርት ተነስተው ከሆነ እስከ 45 ቀን ሊደርስ ይችላል። ውጤቱ ምርመራው ባለቀ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይላካል። መረጃው ትክክል ካልሆነ ወይም ማረጋገጥ ካልተቻለ መታረም ወይም መሰረዝ አለበት። ባንኩ ዝም ካለም ይሰረዛል።

ወረቀት ላይ ያማረ ነው። በተግባር ግን ቢሮው ከባንኩ ጋር የሚነጋገረው ኢ ኦስካር በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። የእርስዎ ረጅም ታሪክ ወደ አጭር ኮድ ይቀየራል፤ «አካውንቱ የኔ አይደለም ይላል» ወይም «ቀሪ ዕዳው ልክ አይደለም ይላል» የሚል። ባንኩ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ኮዱን ያያል፣ የራሱን ስክሪን ይከፍታል፣ ስሙና አድራሻው ይገጥም እንደሆነ ያያል። ከገጠመ «ቬሪፋይድ» ብሎ ይመልሳል።

የዕድር ነገር አስቡት። ሰብሳቢው የከፈላችሁትን ወር መዝገቡ ላይ ሳይሞላው ቀረ። ጸሐፊው ከዚያ መዝገብ ገልብጦ «አልከፈሉም» ብሎ ጻፈ። እናንተ ስትከራከሩ ጸሐፊው ሰብሳቢውን ይጠይቃል፤ ሰብሳቢው ያንኑ የተሳሳተ መዝገብ ገልጦ «አዎ፣ አልከፈሉም» ይላል። ስህተቱ በራሱ ተረጋገጠ ማለት ነው። ደረሰኙን አውጥታችሁ ካላሳያችሁ በቀር ክርክሩ የትም አይደርስም።

ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ምርመራ በቂ ነው አይልም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ሥልጣን ያለው አራተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2004 ይህን ጉዳይ ወስኖበታል። አንዲት ሴት የባሏ ካርድ ላይ ተጠቃሚ ብቻ ነበረች። ባሏ ባንክራፕሲ (በሕግ ኪሳራ መታወጅ) ሲጠይቅ ኤም ቢ ኤን ኤ የተባለው ባንክ ዕዳው የሷ ነው አለ። እሷ ዲስፒዩት ስታደርግ የባንኩ ሠራተኞች ኮምፒውተራቸው ላይ ያለውን አይተው አረጋገጡት። የተፈረመውን ዋና ማመልከቻ ያየ የለም። ፍርድ ቤቱ ባንኩ ተገቢ የሆነ ምርመራ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ስክሪን ላይ አይቶ ማለፍ ምርመራ አይባልም ብሎ ፈረደ። በመጀመሪያው ችሎት የጁሪ አባላት የወሰኑላት 90,300 ዶላርም ጸና።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለደብዳቤው ነው። ባንኩ ስክሪኑን ብቻ አይቶ እንዳያልፍ የሚያደርገው እርስዎ የሚሰጡት የተለየ ዝርዝርና ሰነድ ነው።

ለባንኩ ልጻፍ ወይስ ለክሬዲት ቢሮው?

ለሁለቱም። ግን ለቢሮው መጻፉን በምንም ምክንያት አይዝለሉ።

ብዙ ሰው ባንኩ ቅርንጫፍ ሄዶ ያስረዳል፣ «እናየዋለን» ይባላል፣ ወራት ያልፋሉ። ባንኩ በቀጥታ የተጻፈለትን ዲስፒዩት መመርመር አለበት። ካልመረመረ ግን እርስዎ በዚያ ብቻ ሊከሱት አይችሉም፤ የሚያስገድደው መንግሥት ነው። የመክሰስ መብት የሚመጣው ዲስፒዩቱ በቢሮው በኩል ለባንኩ ሲደርስ ነው። በስልክ የተነገረ፣ በቅርንጫፍ የተወራ ነገር በዚህ ሕግ ዓይን ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ስህተቱ በሦስቱም ቢሮዎች ላይ ካለ ለሦስቱም ለየብቻ ይጻፋል።

ደብዳቤው ምን ይመስላል?

አጭር ይሁን፤ እንግሊዝኛው ማማር የለበትም። የአካውንቱን ስምና ሪፖርቱ ላይ የሚታየውን ቁጥር፣ ስህተቱ ምን እንደሆነ፣ እውነቱ ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚታወቅና ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ ይጻፉ። ለምሳሌ ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በዚህ ባንክ ስም የተጻፈው የ612 ዶላር ቀሪ ዕዳ ትክክል አይደለም። አካውንቱ በማርች 2022 ቀሪ ሒሳቡ ዜሮ ሆኖ ተዘግቷል። የባንኩን የመዝጊያ ደብዳቤና የመጨረሻውን ስቴትመንት አያይዣለሁ። ባንኩ ይህን ደብዳቤ አይቶ መልስ እንዲሰጥ፣ ቀሪው ወደ ዜሮ እንዲታረም፣ ማረጋገጥ ካልተቻለም እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ።»

ይህን «ይህ አካውንት ትክክል አይደለም፣ አጥፉልኝ» ከሚለው ጋር ያወዳድሩት። ሁለተኛውን ባንኩ ስሙን አይቶ ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ግን የራሱን ደብዳቤ ፊቱ ላይ ያስቀምጥበታል።

የመታወቂያዎንና የመብራት ወይም የስልክ ቢል ኮፒ ያያይዙ። ሪፖርቱ ላይ ስህተቱ ያለበትን ገጽ ኮፒ አድርገው ያክብቡበት። ኦሪጅናል ሰነድ አይላኩ። በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ሪተርን ሪሲት ጠይቀው ቢልኩት የደረሰበት ቀን ይታወቃል፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ኦንላይን ማድረግም ይቻላል። ያኔ ሰነዱን መስቀልዎን አይርሱ፤ የሞሉትንም በስክሪንሾት ያስቀሩ።

ሌላ ሰው በስሜ ከፍቶት ከሆነስ?

መንገዱ ይለያል፣ ፈጣንም ነው። አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ገቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ሪፖርት ይሞላል። ያንን ሪፖርት፣ የማንነት ማረጋገጫና የትኛው አካውንት እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሰው ቢሮው በ4 የሥራ ቀን ውስጥ መረጃውን ማገድ አለበት። ከዚያ ሌላ ሰው በስምዎ አዲስ ብድር እንዳይከፍት ክሬዲትዎን ፍሪዝ ያድርጉት (ያስቆልፉት)፤ ከ2018 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነጻ ነው።

ከባዱ ነገር ሶሻሉን የተጠቀመው ዘመድ ሲሆን ነው። በኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን በአደባባይ የሚያወራ የለም፤ ዕዳውን ተሸክሞ ዝም የሚል ግን አለ። ማወቅ የሚገባው፣ ያለ ፈቃድ ከሆነ ዘመድም ቢያደርገው የማንነት ስርቆት መሆኑን ነው። ፈቅደው ሰጥተው ከነበረ ግን «ተሰርቄያለሁ» ብሎ መሙላት ራሱ ወንጀል ነው። ምን እንደሚሻል መወሰን የባለቤቱ ነው፤ ያለ ሪፖርቱ ግን ይህ የ4 ቀን መንገድ አይከፈትም።

ከፍዬው ብገላገልስ?

ዕዳው የእውነት የእርስዎ ከሆነ መክፈል የራሱ ጥቅም አለው። ግን መክፈል ታሪኩን አያጠፋውም። «የተከፈለ ቻርጅ ኦፍ» ተብሎ ይቀጥላል። ኮሌክሽን ሲሆን ፋይኮ 9 እና 10፣ እንዲሁም ቫንቴጅ ስኮር 3 እና 4 የሚባሉት የስኮር ማስያ ዓይነቶች የተከፈለውን ከስኮር ስሌት ያወጡታል። የቆዩት የፋይኮ ዓይነቶች ግን ይቆጥሩታል፤ አበዳሪዎች ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አይጠቀሙም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። መጥፎ መረጃ በጥቅሉ 7 ዓመት ይቆያል። ለቻርጅ ኦፍና ለኮሌክሽን 7 ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው መጀመሪያ ክፍያ ከተቋረጠበት ቀን 180 ቀን በኋላ ነው። ዕዳው ቢሸጥ፣ አምስት ሰብሳቢ ቢቀያየርበት፣ እርስዎ ትንሽ ቢከፍሉበት ይህ ቀን አይቀየርም። አዲስ ሰብሳቢ የድሮውን ዕዳ አዲስ ቀን ሰጥቶ ቢጽፈው ሕግ መጣስ ነው፤ ለዲስፒዩትም ጠንካራ ምክንያት ነው። የድሮ ስቴትመንት ካለዎት ቀኑን በቀላሉ ያሳያሉ።

ግን ይህን ከሌላ ቆጠራ ጋር አያምታቱት። ሰብሳቢው ፍርድ ቤት ሊከስዎ የሚችልበት ጊዜ በየስቴቱ የተለያየ ነው፤ በአንዳንድ ስቴቶች ጥቂት ዶላር መክፈል ያንን ጊዜ እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ይችላል። የቆየ ዕዳ ላይ በስልክ ተዋክበው «ለአሁኑ 20 ዶላር» ከመክፈልዎ በፊት ያስቡበት። ሰብሳቢው የሚልከው የዕዳው ዝርዝር ማስታወቂያ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ «ዕዳው የኔ መሆኑን አረጋግጡልኝ» ካሉት፣ እስኪያረጋግጥ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት።

«ቬሪፋይድ» ብለው ቢመልሱስ?

ያበቃለት ነገር አይደለም። በመጀመሪያ ቢሮውን እንዴት እንዳረጋገጠው በጽሑፍ ይጠይቁት፤ በ15 ቀን ውስጥ መግለጽ አለበት። ከዚያ አዲስ ነገር ጨምረው እንደገና ዲስፒዩት ያድርጉ። ያንኑ ደብዳቤ ደጋግሞ መላክ አይሠራም፤ ቢሮው «መሠረት የሌለው» ብሎ ሊተወው ይፈቀድለታል። ጎን ለጎን ሲኤፍፒቢ ለሚባለው የፌዴራል የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ወይም ለስቴትዎ ዐቃቤ ሕግ በባንኩም በክሬዲት ቢሮውም ላይ አቤቱታ ማስገባት ይቻላል። ሪፖርቱ ላይ አጭር የራስ መግለጫ ማስጻፍም መብት ነው፤ ስኮሩን ግን አይነካውም።

ሰነዱ በእጅዎ እያለ እምቢ ካሉ የሸማቾች ጠበቃ ያነጋግሩ። ብዙ ሰው «ጠበቃ በምን አቅሜ» ብሎ ይተወዋል። በዚህ ሕግ ግን ካሸነፉ የጠበቃውን ክፍያ የሚችለው ተከሳሹ ስለሆነ፣ ቀድሞ ገንዘብ ሳይጠይቅ የሚይዝ ጠበቃ አለ። ሆን ተብሎ ሕጉ ከተጣሰ ጉዳት ባይረጋገጥ እንኳ ከ100 እስከ 1,000 ዶላር ሊወሰን ይችላል። ብድር የተከለከሉበት ደብዳቤ፣ የተጨመረብዎት ወለድ፣ ያመለጠ ቤት ካለ ጉዳቱ በዚያ ይሰላል። ክሱ ጥሰቱን ካወቁ በ2 ዓመት፣ ጥሰቱ ከተፈጸመ ደግሞ በ5 ዓመት፣ ከሁለቱ ቀድሞ በሚደርሰው ውስጥ መቅረብ አለበት።

ተሰርዞ የነበረ ነገር ተመልሶ ሊገባም ይችላል። ያኔ ባንኩ ትክክል መሆኑን ማረጋገጫ መስጠት፣ ቢሮውም በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለእርስዎ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው። ሳያሳውቁ ከመለሱት ራሱን የቻለ ጥሰት ነው።

«ክሬዲት እናጸዳለን» የሚሉትስ?

እርስዎ በነጻ ከሚያደርጉት በላይ የሚያደርጉት ሕጋዊ ነገር የላቸውም። የፌዴራሉ ሕግ ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላቸዋል፤ ውሉን በ3 የሥራ ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብትም ይሰጥዎታል። ሪፖርቱ ላይ ያለውን ሁሉ፣ እውነቱንም ሐሰቱንም፣ «የኔ አይደለም» ብለው በጅምላ የሚልኩ አሉ። ያኔ ትክክለኛው አቤቱታዎም ከሐሰቱ ጋር አብሮ ይጣላል። በሶሻል ፋንታ የሚጠቀሙበት አዲስ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር እንሸጥልዎ ካሉ ደግሞ ይሽሹ። ያ ቁጥር ብድር ማመልከቻ ላይ ሲሞላ ወንጀለኛ የሚሆነው የሞላው ሰው ነው።

ቤት ልገዛ ቀኑ ደርሶብኛል፤ 30 ቀን መጠበቅ አልችልም

ስህተቱን ባንኩ ራሱ አምኖ በደብዳቤ ከጻፈልዎ፣ የሞርጌጅ አበዳሪዎ «ራፒድ ሪስኮር» የሚባል አገልግሎት ሊጠይቅልዎ ይችላል። ማስረጃው ይላክና ስኮሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደሳል። እርስዎ በቀጥታ ማዘዝ አይችሉም፤ በአበዳሪው በኩል ብቻ ነው። እንዲሁ አዲስ ዲስፒዩት ከመክፈትዎ በፊትም አበዳሪዎን ያማክሩ። ክርክር ላይ ያለ አካውንት ሪፖርቱ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ብዙ አበዳሪዎች ደግሞ ያ ምልክት ሳይነሳ ብድሩን አይጨርሱም። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ሦስቱንም ሪፖርት ቤት ማየት ከመጀመሩ ከአራትና አምስት ወር በፊት ቢያወጣ፣ አንድ ዙር ዲስፒዩት አድርጎ፣ እምቢ ቢሉትም ሁለተኛውን ዙር ለመጨረስ ጊዜ ያገኛል።